የኤሌክትሪክ መኪናዬ ጠፍታ ሳለ ማራገቢያዋ ለምን ይጮኻል?

ጥያቄ፦ የጅማ ሔርማታ ነዋሪ ነኝ። በኤሌክትሪክ መኪናዬ በየሁለት ሳምንቱ ወልቂጤ የሚኖሩ ወላጆቼን ጠይቄ እመለሳለሁ። የጊቤን ቆላ አቋርጬ፣ ዳገቱን ወጥቼ ቤቴ ገብቼ ለቻርጅ ስሰካት፣ መኪናዋ ጠፍታ ሳለ ከኮፈኑ ሥር ማራገቢያዋ በኃይል ይጮኻል፤ አንዳንዴም ከሥሯ ውኃ ይንጠባጠባል። ያሳየሁት ጋራዥ የማቀዝቀዣ ፈሳሿ ጎድሏልና የቧንቧ ውኃ ልጨምርባት ሲለኝ ፈርቼ ይዣት ተመለስኩ። ባትሪዋ ሊቃጠል ይሆን? ውኃ ቢጨመርባትስ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ ውኃውን ሳያስጨምሩ መመለስዎ ትክክል ነበር። የማራገቢያው ድምፅ ግን በአብዛኛው የጤንነት ምልክት ነው።

በሊቲየም አዮን ባትሪ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ባለፈ ቁጥር ሙቀት ይፈጠራል፤ ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለአብነት የባትሪው ውስጣዊ ሬዚስታንስ (ጅረቱን የሚገታበት መጠን) 0.1 ኦም ነው ብንል፣ 150 አምፔር ሲያልፍበት 2,250 ዋት ሙቀት ይወጣዋል፤ ይህም እንጀራ ከምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ኃይል ከግማሽ የሚበልጥ ነው። አሁን መንገድዎን ያስቡት። 2,000 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና 500 ሜትር ሽቅብ ስትወጣ፣ የነፋሱንና የጎማውን ድካም ሳንቆጥር፣ ክብደቷን ለማንሣት ብቻ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ከባትሪዋ ትወስዳለች። ወደ ጊቤ የሚያወርደው ቁልቁለትም ቢሆን ለባትሪው ዕረፍት አይደለም፤ መኪናዋ ፍጥነቷን በሞተሯ ስትገታ የሚመነጨው ኃይል ተመልሶ ወደ ባትሪው ስለሚገባ፣ በመውጣትም በመውረድም ይሞቃል። የቆላው አየር ራሱ ሞቃት መሆኑ ሲታከልበት፣ ጅማ ሲደርሱ ባትሪዎ ከተነሣበት ሙቀት በብዙ ከፍ ብሎ ይገኛል።

ባትሪው የሚመቸው ሙቀት ከ15 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ነው። ከዚያ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ በውስጡ የሚካሄዱት ጎጂ ኬሚካዊ ለውጦች ይፋጠኑና ኃይል የመያዝ አቅሙ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በዚህ ላይ ባትሪው በተገነባባቸው ትናንሽ ክፍሎች፣ በሴሎቹ፣ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከ5 ዲግሪ ገደማ እንዳይበልጥ ይፈለጋል። ቡና የቆላ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ምጣዱ መሐል ላይ ብቻ ከጋለ አንዱ ፍሬ ሲያር ሌላው ጥሬ ይቀራል። በባትሪም ውስጥ አብዝተው የሞቁት ሴሎች ቀድመው ያረጃሉ፤ በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸውም የደከመው ሴል የሌሎቹን ሁሉ አቅም ይገድባል። ስለዚህ መኪናዋ በፓምፕ የሚዘዋወር ፈሳሽ በሴሎቹ ሥር አሳልፋ ሙቀቱን ወደ ራዲያተር ትወስዳለች፤ ራዲያተሩ ብቻውን ካልበቃ የኤሲው ጋዝ ፈሳሹን ያቀዘቅዘዋል። እርስዎ ለቻርጅ ሲሰኳት ይኸው ሥራ ይቀጥላል፤ አልፎ ተርፎም ከግድግዳ የሚመጣውን ኃይል ለባትሪው የሚቀይረው መሣሪያ ራሱ ስለሚሞቅ እሱም መቀዝቀዝ አለበት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ብዙ አየር መግፋት ስላለበት ማራገቢያው ጠንክሮ ይሠራል።

የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ በነጭ ጨርቅ ተቀብለው ይዩት። ቀለምና ሽታ የሌለው ከሆነ ኤሲው ከአየር ያወጣው እርጥበት ነው፤ አያሳስብም። ሮዝ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ሲነኩት የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ግን የማቀዝቀዣው ፈሳሽ እየፈሰሰ ነውና መኪናዋን አያንቀሳቅሷት። በውስጡ ያለው ኤትሊን ግላይኮል ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ስለሆነ ልጆችና እንስሳት እንዳይደርሱበት አደራ እላለሁ።

የቧንቧ ውኃን በተመለከተ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ አያስጨምሩ። በውኃው ውስጥ የሟሙት ማዕድናት በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ውስጥ ይጋገራሉ፣ አሉሚኒየሙን ይበላሉ፤ ፈሳሹ ወደ ባትሪው ውስጥ ቢያፈስ ደግሞ ማዕድን ያለው ውኃ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያስተላልፍ አደጋው ይከፋል። ቀለሙ ስለተመሳሰለ ብቻ ሌላ ዓይነት የማቀዝቀዣ ፈሳሽ (ኩላንት) መቀላቀልም አይገባም፤ ቀለም የፈሳሹን ዓይነት አይናገርም። የሚጨመረው በመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ የተጻፈው ዓይነት ብቻ ነው፤ ከተጨመረም በኋላ በቧንቧዎቹ የታፈነው አየር በአግባቡ መውጣት አለበት፤ አየር ባለበት ፈሳሽ አይደርስምና። እንዲያውም ዋናው ጥያቄ ፈሳሹ ለምን ጎደለ የሚለው ነው፤ የታሸገ ሥርዓት ያለ ምክንያት አይጎድልም።

ከጋራዦች ጋር በተያያዘ ሌላ ያሳሰበኝ ነገር የኤሲ ጋዝ አሞላል ነው። የአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ኮምፕረሰር፣ ማለትም የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው መሣሪያ፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ስለሆነ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የተለየ ዘይት ይፈልጋል። በነዳጅ መኪና ልማድ ሌላ ዘይት ከተጨመረበት የኤሌክትሪክ መከላከያው ይዳከማል፤ ኤሲው ሲበላሽም የሚሞቀው ተሳፋሪው ብቻ ሳይሆን ባትሪውም ነው። ስለዚህ ባለሙያውን ስለ ዘይቱ አስቀድመው ይጠይቁ።

ስለ ቃጠሎ ለጠየቁት፣ ሙቀቱ ከሚገባው ሲያልፍ መኪናዋ አስቀድማ ኃይሏን ትቀንሳለች፣ ቻርጁንም ታዘገያለች። አደጋው የሚጀምረው ሴሉ ከ80 ዲግሪ በላይ ሲግልና ውስጣዊ ሽፋኑ መፍረስ ሲጀምር ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሰውም ብዙውን ጊዜ የሴል ብልሽት ወይም የባትሪው መመታት ነው። ጭስ፣ የሚያፏጭ ድምፅ ወይም እንግዳ ጣፋጭ ሽታ ካስተዋሉ ከመኪናዋ ርቀው እሳት አደጋን ይጥሩ፤ የባትሪውን ክዳን ለመክፈት አይሞክሩ።

ከከተማ ወጥተው በጠጠር መንገድ የሚነዱ ከሆነ የባትሪውን የታች ሽፋን በየጊዜው ያስፈትሹ፤ ድንጋይ የጎረበጠው ሽፋን ፈሳሹ የሚያልፍበትን መንገድ ሊያጠብ ይችላል። ክረምት ሲወጣም በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የተጋገረውን ጭቃ ኃይሉ ለስላሳ በሆነ ውኃ ያሳጥቡት።