ከመንገድ መልስ ያለችው ቀን የማን ናት?

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፤ በድሬዳዋ የኤሌክትሪክ ዕቃ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ የግዥ ኃላፊ ነኝ። አንድ ጊዜ ጓንዡ፣ አንድ ጊዜ ዱባይ፣ ዕቃችን ወደብ ላይ ሲዘገይ ደግሞ ጅቡቲ እላካለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ፋብሪካ ድረስ ገብቼ ገመድ ሲመረት አይቻለሁ፣ በሻጭና በገዢ መካከል የምትመላለሰውን ካልኩሌተር ይዤ መከራከርን ተምሬአለሁ፣ ደመወዜና የውሎ አበሌም ባለቤቴ በመምህርነት ከሚያገኘው ጋር ተደምሮ ቤታችንን አቃንቶታል። ጎረቤቱ ሁሉ «ታድለሽ» ይለኛል። ይሁን እንጂ ከቻይና በተመለስኩ ቁጥር ሌሊት ዓይኔ አልከደን ይላል፣ ቀን ደግሞ ቆሜ አንቀላፋለሁ፤ ድርጅቱ ግን በገባሁ ማግስት ጠዋት ቢሮ እንድገኝ ይፈልጋል። ውጭ ሳለሁ ልጆቼ ከመተኛታቸው በፊት ልደውል ስል እኔው ሳልተኛ አድራለሁ። ትንሹ ልጄ ሻንጣዬን ይዤ ስገባ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ «ደግሞ መቼ ነው የምትሄጂው?» ብሎ ነው። ለቅሶ ያልደረስኳቸው ሰዎች በዝተዋል፤ አማቴም እናት አገር ለአገር ስትዞር ቤት ይፈርሳል ማለት ጀምረዋል። ሥራውን ልተወው ወይስ ልቀጥል?
ስሜ ይቆይልኝ፣ ከሳቢያን

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ ከሁሉ አስቀድሞ ከጉዞ በተመለሱበት ሳምንት ሥራ ስለ መልቀቅ አይወስኑ፤ በዚያ ሳምንት እንኳን የኑሮ ውሳኔ የአስቤዛ ዝርዝርም በቅጡ አይጻፍም። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ከሁሉ በላይ የከበደኝ እርስዎ በጨረፍታ ያለፉት ነገር ነው፤ ይኸውም ድርጅቱ በገቡ ማግስት ጠዋት ቢሮ እንዲገኙ መጠየቁ። ሌላው ችግር ሁሉ፣ የአማትዎ ንግግር ሳይቀር፣ በዚህች ቀን ዙሪያ የተጠመጠመ ይመስለኛል።

የሰውነታችን የእንቅልፍና የንቃት ዑደት የሚመራው በአንጎል ውስጥ ባለ የራሱ ሰዓት ነው፤ ይህን ሰዓት በዋነኛነት የሚያስተካክለው ብርሃን ሲሆን፣ ማስተካከሉም ቢሆን በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ጓንዡ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ በዚያ ከረፋዱ 3 ሰዓት ላይ ከሻጭ ጋር ሲቀመጡ ሰውነትዎ የሚያውቀው የድሬዳዋን ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ሲመለሱ ነገሩ ይገለበጣል፤ ገና ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሆን እንቅልፍ ይጥልዎታል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደግሞ ንቁ ሆነው ጣሪያ ይቆጥራሉ። ይህ የአራትና የአምስት ቀን ጉዳይ እንጂ የስንፍና ምልክት አይደለም። ብዙ ሰው ወደ ምሥራቅ ሲሄድ የባሰ የሚቸገረውም የውስጡ ሰዓት አንድ ዑደት ከ24 ሰዓት ጥቂት ስለሚያልፍና ከማፍጠን ይልቅ መዘግየት ስለሚቀለው ነው።

ከዚህ ተነሥተው ጉዞዎን በሁለት ይክፈሉት። በጓንዡ የሚቆዩት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ከሆነ ሰውነትዎን ለማላመድ አይድከሙ፤ አምሽተው ይተኙ፣ አርፍደው ይነሡ፣ ዋና ዋና ቀጠሮዎችንም በጓንዡ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ያድርጓቸው፤ ለእርስዎ ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ነውና ዋጋ የሚከራከረው የነቃ አእምሮ ይሆናል። ቆይታው ሳምንት የሚያልፍ ከሆነ ግን ከረፋድ ጀምሮ ደጅ ወጥተው የፀሐይ ብርሃን ያግኙ፣ በምሽት መብራትና ስልክ ይቀንሱ። ወደ ድሬዳዋ ሲመለሱ የሚጠቅምዎ የማታው ብርሃን ነው፤ ሐሩሩ በረድ ሲል፣ ሰው ሁሉ ደጅ በሚወጣበት በዚያ በ11 ሰዓት ግድም፣ እንቅልፉ ሲመጣ አልጋ ከመፈለግ ይልቅ ልጆችዎን ይዘው ወደ ከዚራ ጥላ ወጣ ይበሉ። ቀን ከተኙም ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፤ ቡናም ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይቅርብዎ፤ ይህን ለድሬ ሰው መምከር ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ።

የስልኩ ነገር በቀላሉ የሚፈታ ነው። ልጆችዎ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ሲተኙ ጓንዡ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። አጭር ጉዞ ላይ ከሆኑና በድሬዳዋ ሰዓት ከቆዩ አይጎዳዎትም፤ በረጅሙ ጉዞ ግን ጥሪውን ልጆቹ ከትምህርት ቤት ለምሳ ወደሚገቡበት 6 ሰዓት ተኩል ያዛውሩት። በእርስዎ ዘንድ ያን ጊዜ 11 ሰዓት ተኩል ስለሚሆን ገበያው ወደ መዝጋቱ ነው፤ ልጆቹም እያንቀላፉ ከሚያናግሩዎ እንጀራ እየጎረሱ የቀን ውሏቸውን ቢያወሩልዎ ይሻላል።

አሁን ወደ አሠሪዎ እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሰባት ቀናት ውስጥ ከ24 ያላነሱ ተከታታይ ሰዓታት ዕረፍት እንዲያገኝ ያዛል፤ ለሰዓት ልዩነት ግን በስም የለየው ዕረፍት የለም፤ በተጨማሪም የሥራ መሪዎችን ከሽፋኑ ያወጣል። እርስዎ «ኃላፊ» ስለሚባሉ አሠሪው በየትኛው ወገን እንደሚቆጥርዎ የቅጥር ደብዳቤዎን አውጥተው ይዩ። የትኛውም ቢሆን መደራደር ያለብዎት ስለ አበል መጨመር ሳይሆን ስለ መልስ ቀን ይመስለኛል፤ ከቻይና መልስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ከዚያም ሁለት ቀን ግማሽ ግማሽ ሥራ፣ ይህም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ። ደክሞኛል ብለው ሳይሆን በሥራው ቋንቋ ያስረዷቸው፤ ያልተኛ ሰው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትሩን ገመድ በ1.5 ተሳስቶ ቢያዝዝ አንድ ሙሉ ኮንቴይነር ደረቅ ወደብ ላይ ከደረሰ በኋላ መመለሻ የለውም። አንድ የዕረፍት ቀን ከዚህ እንደሚረክስ ነጋዴ ሰው ለመገንዘብ አይከብደውም።

ጉዞዎቹም እኩል አይደሉምና በአንድ ሚዛን አይቁጠሯቸው። ጅቡቲ በእኛው ሰዓት ናት፣ ዱባይ የምትቀድመን አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ በእነዚህ ሰውነት አይታወክም፣ የሚበላሸው የቤት ፕሮግራም ነው። የጅቡቲው ጉዞ ግማሹ ዕቃ ከወደብ በሚያስወጣው ወኪል፣ በትራንዚተሩ፣ ሊያልቅ የሚችል ሥራ እንዳይሆን አጥብቀው ይመርምሩ። የጓንዡን ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በበልግ፣ በሚካሄደው የካንቶን አውደ ርዕይ ዙሪያ መሰብሰብ ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ያለው ይህ ገበያ በሦስት ዙር የሚካሄድ ሲሆን የኤሌክትሪክና የመብራት ዕቃ የሚታየው በመጀመሪያው ዙር ስለሆነ ቀሪውን መጠበቅ አይኖርብዎትም። ከድሬዳዋ ቦሌ ያለውን በረራም ከዓለም አቀፉ ጋር በአንድ ትኬት ያስቆርጡ። ለየብቻ ተቆርጦ የሀገር ውስጡ በረራ ቢዘገይና የቻይናው ቢያመልጥዎ ኪሳራው የእርስዎ ነው፤ በአንድ ትኬት ከሆነ ግን በቀጣዩ በረራ የማሳፈር ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ይሆናል።

ስለ አማትዎ ሳስብ አንድ ነገር አይወጣልኝም። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ በመንገደኛና በነጋዴ የቆመች ከተማ ናት፤ ጎረቤቷ ሐረርም ከዚያ አስቀድሞ ከዘይላ ወደብ ጋር በሲራራ ንግድ ስትገናኝ የኖረች ናት። አባት ወራት ጠፍቶ ሲመለስ «ለቤቱ የሚደክም» ይባል ነበር፤ ቤት ይፈርሳል ያለ አልነበረም። እናት ስትሄድ ነው አነጋገሩ የተለወጠው። ይህን ለአማትዎ በክርክር አይንገሯቸው፤ ክፋት አስበው ሳይሆን ቤቱን ሳይጠየቁ ተሸካሚ ሆነው ተገኝተው ይሆናል። የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን ቀን ቀድመው ያሳውቋቸው፣ እርስዎ በሌሉበት ለሚሠሩትም ረዳት ይቅጠሩላቸው፤ አበሉ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል? ለትንሹ ልጅዎም «ቶሎ እመጣለሁ» የሚለውን ትተው ቀኑን ቁርጥ አድርገው ይንገሩት፣ ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ራሱ ያክብበው። በነገራችን ላይ በደብዳቤዎ ውስጥ የጎረቤትም የአማትም ቃል አለ፣ የባለቤትዎ ግን የለም። እኔን ከመጠየቅዎ በፊት እሳቸውን ይጠይቁ።

ለቅሶውን በተመለከተ ባህላችን ለመንገደኛ በር ዘግቶ አያውቅም፤ ዘግይቶም ቢሆን መድረስ ነውር የለውም። ባለቤትዎ ዕድር ላይ ከተገኙ ቤቱ ተገኝቷል፤ እርስዎም በተመለሱ በመጀመሪያው እሑድ ያልደረሷቸውን ቤቶች ይዙሩ።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። አዘውትሮ የሚጓዝ ሰው ዘንድ አደራ የማይልክ ዘመድ የለም። ሽሮና በርበሬ ይሁን፤ ቋንጣ ግን ቻይና የሥጋ ውጤት በሻንጣ ማስገባት ስለምትከለክል ይወሰድብዎታል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ጫት ነው። ከአወዳይ እስከ ጅቡቲ በአደባባይ የሚሸጥ መሆኑ ብዙዎችን አዘናግቷል፤ በቻይናም ሆነ በዱባይ ግን የተከለከለ ነው፣ ደርቆ በሻይ ቅጠል ስም ቢታሸግም የሚያስከትለው እስር ነው። ተሰፍቶ የመጣ ዕቃ ከማንም ቢሆን፣ ከገዛ ወንድምዎም ቢሆን፣ ፈትተው ሳያዩ አይቀበሉ።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት ሥራውን አይልቀቁ፤ የመልስ ቀኑን ግን በጽሑፍ ይጠይቁ። አሠሪዎ ያችን ቀን በግልጽ ከከለከሉ ያን ጊዜ ሌላ ቦታ መፈለግ ይጀምሩ፤ ፋብሪካ ገብቶ ዕቃ መምረጥ የሚችል የግዥ ሰው በከተማችን እንደ ልብ አይገኝም።

ጥያቄ፦ በሐረር ለአንድ ቡና ላኪ ድርጅት እሠራለሁ። ናሙና ይዤ ወደ ጂዳ፣ አልፎ አልፎም ወደ ቶኪዮ እጓዛለሁ። ከአውሮፕላን ስወርድ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ይለኛል። ሰዎች የአየር እጥረት ነው ይሉኛል፤ እውነት ነውን?
ከሐረር፣ ጀጎል

መልስ፦ ወንድማችን፤ አይደለም። በበረራ ላይ የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲመጣጠን ይደረጋል፤ ሐረር ራሷ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ናት፣ አዲስ አበባም ከዚያ ትበልጣለች። ስለዚህ በዚያ አየር ሲተነፍሱ ነው ያደጉት። እግርዎን የሚያሳብጠው ለብዙ ሰዓት ሳይነሡ መቀመጥ ነው፤ የባት ጡንቻ ካልተንቀሳቀሰ ደም ወደ ልብ የሚመለሰው በዝግታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ እጥፍ ያህል ያደርገዋል፤ ያም ሆኖ የሚደርሰው ከ6,000 ተጓዦች በአንዱ ላይ ገደማ ነው። ይህ በባቡርና በአውቶቡስም ይሠራልና ከሐረር አዲስ አበባ በመኪና ሲሄዱም አይርሱት።

በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር ይያዙ፣ በየሰዓቱ ተነሥተው ይራመዱ፣ ተቀምጠውም ሳሉ ተረከዝዎን እያነሡ ያውርዱ፣ ውኃ ይጠጡ፤ የአውሮፕላን አየር ደረቅ ነው። አስፕሪን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ። ሁለቱም እግሮች እኩል አብጠው በማግሥቱ ከጎደሉ አያስጉዎት። አንዱ እግር ብቻ አብጦ ባቱ ከታመመና ከሞቀ፣ ወይም ከጉዞ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎትና ደረትዎን ከወጋዎት፣ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ፤ በቅርቡ ረጅም ጉዞ መጓዝዎንም ሐኪሙ እስኪጠይቅዎ ሳይጠብቁ ይንገሩ።