ከስብስብ ውስጥ እየመረጡ ማጥፋት፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም! ዛሬ የምናወራው ኮድ ስንጽፍ ድግግሞሽ ከማይቀበል ስብስብ (set) ውስጥ አንድ ሁኔታ የሚያሟሉትን አባላት ስለማጥፋት ነው። ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው፤ ውስጡ ግን ጉድ አለው። ጠይቁ፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ፓይተን ላይ በፎር ሉፕ እየዞርኩ ተጋማሽ ቁጥሮችን ከስብስብ ላጥፋ ስል ኤረር ሰጠኝ። ያው ኮድ ሊስት ላይ ግን ምንም አላለኝም። ለምን?

መልስ፦ ኤረር የሰጠህስ ወዳጅህ ነው። መፍራት ያለብህ ዝም ያለህን ነው። ሊስቱን ቀስ ብለን እንየው። ውስጡ 2፣ 4 እና 5 አሉ እንበል። ሉፑ 2 ላይ ይደርሳል፣ ታጠፋዋለህ። ወዲያው 4 ወደ ፊት ተስቦ የ2ን ቦታ ይይዛል። ሉፑ ይህን አያውቅም፤ ወደ ሁለተኛው ቦታ ያልፋል፣ እዚያ ያለው ደግሞ 5 ነው። 4 ሳይታይ አመለጠ። ኤረር የለም፣ ውጤቱ ግን ስህተት ነው።

ስብስብ አባላቱን የሚያስቀምጠው በተራ ሳይሆን በሃሽ፣ ማለትም ከአባሉ በሚሰላ ቁጥር ነው። ፓይተን ሉፑ ሲጀምር የአባላቱን ብዛት ይይዛል፣ በየእርምጃው ያመሳክራል፣ ከተለወጠ ያስቆምሃል። ልብ በል፣ የሚያየው ብዛቱን ብቻ ነው። በአንድ ዙር አንዱን አጥፍተህ ሌላ ከጨመርክ ቁጥሩ እኩል ስለሚሆን ያልፍሃል። ስለዚህ በዚህ ጥበቃ አትመካ።

የሚሻለው መንገድ የሚጠፉትን ማሳደድ ትቶ የሚቀሩትን መምረጥ ነው። ኢተጋማሾቹን ብቻ ለቅመህ በአንድ መስመር አዲስ ስብስብ ሥራ፣ በቃ።

ጥያቄ፦ እንዳልከው አዲስ ስብስብ ሠርቼ በድሮው ስም አስቀመጥኩት። ሌላው ፋንክሽን ግን አሁንም የድሮውን ነው የሚያየው።

መልስ፦ ያዞርሽው ስሙን ብቻ ነዋ! ሌላው ቦታ የድሮውን ስብስብ እንደያዘ ነው። ያንኑ ስብስብ መቀነስ ከፈለግሽ የሚጠፉትን ለብቻ ሰብስቢና በ «-=» ቀንሺ። «ሀ = ሀ - ለ» እና «ሀ -= ለ» ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው አዲስ ይፈጥራል፣ ሁለተኛው ያለውን ይለውጣል።

ጥያቄ፦ ፓይተን ላይ አንድ አባል ለማጥፋት ሪሙቭ ይሻላል ዲስካርድ?

መልስ፦ የሌለ አባል ሲሰጡት ሪሙቭ ኤረር ሰጥቶ ይጮሃል፣ ዲስካርድ ዝም ይላል። መኖር አለበት ብለህ የምታስበውን ስታጠፋ ሪሙቭ ተጠቀም።

ጥያቄ፦ የጃቫ ኮዴ ስሞክረው ይሠራል፣ ትክክለኛው ዳታ ሲገባ ግን ኮንከረንት ሞዲፊኬሽን ኤክሰፕሽን (በአንድ ጊዜ ተለወጠ የሚል ኤረር) ይጥላል። አንድ ትሬድ (የሥራ መስመር) ብቻ ነው ያለኝ እኮ!

መልስ፦ አንድ ትሬድም ይበቃል። ሉፑ እየዞረ ስብስቡን በጎን ከነካኸው ቀጣዩን አባል ሲጠይቅ ይነቃብሃል። ያጠፋኸው በዙሩ የመጨረሻው አባል ከሆነ ግን ቀጣይ ስለሌለ ምርመራው ሳይደርስ ሉፑ ያልቃል። ትንሽ የሙከራ ዳታ ላይ እንዲህ ያለ ዕድል በሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው ጃቫ 8 ጀምሮ ሪሙቭ ኢፍ አለ። ሁኔታውን ስጠው፣ ማጥፋቱን ለራሱ ተወው። ከዚያ በፊት አባላቱን አንድ በአንድ በሚያቀብለው በኢተሬተሩ በራሱ ሪሙቭ ነበር የሚሠራው፤ እሱም አሁን ድረስ ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ ብዙ አባላትን በአንዴ የሚያጠፋው ሪሙቭ ኦል ሊስት ስሰጠው ይንቀራፈፋል። የተለመደ ነው?

መልስ፦ ጃቫ ላይ አዎ። የሃሽ ስብስቡ ከሊስቱ የማይበልጥ ከሆነ፣ እያንዳንዱን አባል ወስዶ «ሊስቱ ውስጥ አለህ ወይ?» እያለ ከዳር እስከ ዳር ይፈልጋል። ሁለቱም 100,000 ቢሆኑ ንጽጽሩ በቢሊዮን ሊቆጠር ይችላል። ሊስቱን መጀመሪያ ወደ ሃሽ ስብስብ ቀይሪው።

ጥያቄ፦ ጃቫስክሪፕትስ?

መልስ፦ እሱ ላይ እየዞሩ ማጥፋት ይፈቀዳል፣ ችግር የለውም። ግን ያጠፋኸውን እዚያው መልሰህ ከጨመርክ መጨረሻ ላይ ይሰለፍና ሉፑ እንደገና ያገኘዋል። በየዙሩ እንዲህ ካደረግህ ማለቂያ የለውም።

ጥያቄ፦ ሌሎቹ ቋንቋዎችስ?

መልስ፦ ሲ ሻርፕ ሪሙቭ ዌር አለው፤ ስንት እንዳጠፋም ይነግርሃል። ሲ ፕላስ ፕላስ ከ2020 ስታንዳርድ ጀምሮ ኢሬዝ ኢፍ አለው። ረስት ላይ ያለው ሪቴይን ግን ተቃራኒ ነው፦ ሁኔታውን የሚያሟላውን ያስቀራል። ሁኔታውን ወደ ተቃራኒው ሳትቀይር ከሌላ ቋንቋ ከቀዳህ የምትፈልገውን ጠራርጎ ያጠፋልሃል።

ጥያቄ፦ አባሉ ስብስቡ ውስጥ እንዳለ በዓይኔ አያለሁ፣ ሪሙቭ ስለው ግን የለም ይለኛል። ጃቫ ነው፤ የተማሪ ኦብጀክት ውጤቱን ካስተካከልኩ በኋላ ነው የጀመረው።

መልስ፦ ሃሹ ውጤቱንም ይጨምራል ማለት ነው። ተማሪው የገባው በድሮው ሃሽ ቦታ ነው፣ አንተ የምትፈልገው በአዲሱ። መጀመሪያ አውጣው፣ ውጤቱን አስተካክል፣ ከዚያ መልሰህ ጨምረው። ከዚህም የሚሻለው ሃሹን እንደ መታወቂያ ቁጥር በማይለወጥ ነገር ላይ ብቻ መመሥረት ነው፤ የእኩልነት ማነጻጸሪያውንም አብረህ አስተካክል።