መልስ፦ አጥሬን ገፍቶ የገባውን ጎረቤት በጉልበት ማስወጣት እችላለሁ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጎረቤቴ ሌሊት አጥሬን ነቅሎ ወደ ግቢዬ ገፍቶ አጠረ፣ ወር ሆኖታል፣ ልጆች ይዤ ላፍርሰው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። በፍጹም እንዳታደርገው! ህጉ መብት ይሰጥ ነበር ግን ጊዜው አልፏል። የ1952ቱ ፍትሐብሔር ህግ ቁጥር 1148 ይዞታውን በኃይል ወይ በስውር የተነጠቀ ሰው ወዲያውኑ በጉልበት ማስመለስ ይችላል ይላል፣ ማለትም ሰውዬው እየነቀለ ስትደርስበት፣ ያኔም ቢሆን ሁኔታው ከሚጠይቀው በላይ ኃይል መጠቀም አይቻልም። ከወር በኋላ ሰው ሰብስበህ ብትሄድ ተከሳሹ አንተ ነህ የምትሆነው።

ሄደህ በዱላ መማታትን በተመለከተ፣ የወንጀል ህጉ አንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ሲያወራ ንብረትንም ይሸፍናል፣ ግን ጥቃቱ እየደረሰ ወይ ሊደርስ ሲል፣ ሌላ መውጫ ሲጠፋና እርምጃው ተመጣጣኝ ሲሆን ብቻ ነው፣ ለቆርቆሮ አጥር የሰው ራስ ፈንክተህ ተመጣጣኝ ነው የሚልህ ዳኛ አታገኝም። አንቀጽ 79 ሲከላከል ልክ ላለፈ ሰው ቅጣት ያቀላል፣ ልክ ያለፈው በድንጋጤ ከሆነም ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊተውለት ይችላል፣ ተዘጋጅቶ ለሄደ ግን አይሆንም።

አሁን ያለህ መንገድ በፍትሐብሔር ህጉ ቁጥር 1149 ሁከት ይወገድልኝ (ይዞታዬን መንካቱ ይቁምልኝ) ብለህ መክሰስ ነው፣ 2 ዓመት ካለፈ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ያግደዋል። አጥሩን ዛሬውኑ ፎቶ አንሳው፣ የድሮውን አጥር የሚያውቁ ጎረቤቶችንም በምስክርነት ያዝ።