የሺሜችካ የምርጫ ክልል የት ነው?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣሁ ስለ ስሎቫኪያው ፖለቲከኛ ስለ ሚኻል ሺሜችካ የተጻፈ ዜና አነበብኩ። አርባ ዓመት ሳይሞላቸው የአገራቸው ትልቁ ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ሆነዋል ይላል፤ የየትኛው አካባቢ ተመራጭ እንደሆኑ ግን አይናገርም። እኛ አራት ኪሎ ወዳለው ምክር ቤት የምንልከው ሰው የምርጫ ክልሉ ይታወቃል። የእሳቸው የት ነው? በዚህ ዕድሜስ እንዴት እዚህ ደረሱ?

መልስ፦ ውድ አንባቢ፣ ዜናው አልዘነጋም፤ የምርጫ ክልል የላቸውም። ስሎቫኪያ 150 መቀመጫ ላለው ምክር ቤቷ ስትመርጥ አገሪቱ በሙሉ እንደ አንድ የምርጫ ክልል ትቆጠራለች፤ መራጩም የአንድ ፓርቲን የእጩዎች ዝርዝር ይመርጥና ከዚያው ዝርዝር እስከ አራት ሰዎች ለይቶ ምልክት ሊያደርግላቸው ይችላል። መቀመጫው በድምፅ መጠን ይከፋፈላል፤ ሆኖም ብቻውን የቀረበ ፓርቲ 5 በመቶ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው የተጣመሩ ደግሞ 7 በመቶ ካላገኙ አንድም መቀመጫ አይሰጣቸውም። ይህችን 7 በመቶ ልብ ይበሉልኝ።

ሺሜችካ በ1984 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ብራቲስላቫ ተወለዱ። አያታቸው ሚላን ሺሜችካ በኮሚኒስቱ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ መምህርነት ተባርረው የጉልበት ሥራ የሠሩ፣ የታሰሩም ፈላስፋ ነበሩ። የልጅ ልጃቸው በኦክስፎርድ ዶክትሬታቸውን ይዘው በፕራግ ተመራማሪ ሆነው ሠርተዋል። በ2019 ፓርቲያቸው ተራማጅ ስሎቫኪያ ከሌላ ፓርቲ ጋር ተጣምሮ በአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ አንደኛ ሲወጣ እሳቸውም ተመረጡ። በዚያው ዓመት ከዚሁ ፓርቲ የተነሱት ዙዛና ቻፑቶቫ የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ።

በ2020ው የአገር ውስጥ ምርጫ ግን ያው ጥምረት 6.96 በመቶ አገኘ። የጎደለው 926 ድምፅ ነበር! ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰዎች የሰጡት ድምፅ አንድ መቀመጫ እንኳ ሳያስገኝ ቀረ። በእኔ ግምት ሺሜችካን ወደ ፊት ያመጣቸው ይህ ሽንፈት ነው፤ ባልደረቦቻቸው አገር ቤት ያለ ወንበር ሲቀሩ፣ እሳቸው ብራስልስ ውስጥ በምርጫ ያገኙት መድረክ ነበራቸውና። በጥር 2022 የአውሮፓ ፓርላማ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ በግንቦት ደግሞ የፓርቲያቸው ሊቀመንበር ሆኑ።

በመስከረም 2023 ምርጫ ማምሻውን ከምርጫ ጣቢያ በሚወጡ መራጮች ላይ የተደረገው ጥናት ፓርቲያቸውን አንደኛ አድርጎት ነበር። ቆጠራው ሲያበቃ ከምርጫው በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት የሮበርት ፊጾ ፓርቲ ስሜር 22.94 በመቶ፣ የእሳቸው 17.96 በመቶና 32 መቀመጫ አገኙ። ከብራስልስ ተመልሰው የምክር ቤቱ ምክትል አፈ ጉባኤ ቢሆኑም፣ በመስከረም 2024 የገዢው ጥምረት አብላጫ ድምፅ ከዚያ ወንበር አነሳቸው። ምክንያት ተደርጎ የቀረበው ከቤተሰባቸው ጋር ለተያያዙ ድርጅቶች የተሰጠ የመንግሥት ገንዘብ ሲሆን፣ እሳቸው ክሱን አልተቀበሉትም።

ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው በአብላጫ ድምፅ ለመምራት 76 መቀመጫ የሚሞላ ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል። አገሪቱ በ1993 ራሷን ከቻለች ወዲህ ይህን ያለ ተጣማሪ ያገኘው በ2012 83 መቀመጫ የያዘው ስሜር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሺሜችካ ቢያሸንፉም እንኳ ሥራቸው የሚጀምረው ተጣማሪ ከመፈለግ ነው።