ጠጥቶ በማሽከርከር የተያዘ ሰው ጠበቃ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት ጠጥቶ ሲያሽከረክር ፖሊስ አስቁሞት፣ በትንፋሽ ከተመረመረ በኋላ ታስሮ አደረ። በማግሥቱ በዋስ ቢለቀቅም መንጃ ፈቃዱ ተወስዶ በምትኩ አንድ ወረቀት ተሰጥቶታል፤ ፍርድ ቤት እንዲቀርብም ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል። እሱ «መጠጣቴን ለፖሊሱ ነግሬዋለሁ፣ ማሽኑም አሳይቷል፤ ጥፋቴን አምኜ ቅጣቴን ከፍዬ ልገላገል» ይላል። እኔ ግን የሚተዳደረው በከባድ መኪና ሹፍርና ስለሆነ ፈርቻለሁ። በእርግጥ ጠበቃ ያስፈልገዋል? ምን ዓይነት ጠበቃ? እስከዚያስ ማሽከርከር ይችላል?
ታላቅ እህቱ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጠበቃ ያስፈልገዋል፤ ያውም ከቀጠሮው ቀደም ብሎ፣ ቢቻል በዚሁ ሳምንት። ከጻፉልን ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበን የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሳይሆን በመንጃ ፈቃዱ ምትክ የተሰጠው ወረቀት ነው። በብዙ አገሮች ጠጥቶ በማሽከርከር የተያዘ ሰው ሁለት ጉዳይ ይጠብቀዋል፤ አንደኛው ፍርድ ቤት የሚያየው የወንጀል ክስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት በራሱ ሥልጣን ፈቃዱን ለማገድ የሚጀምረው አስተዳደራዊ ጉዳይ ነው። ይህኛው የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አይጠብቅም፤ እገዳውን ተቃውሞ እንዲሰማ ለማመልከት የሚሰጠው ጊዜም እጅግ አጭር ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በአሜሪካ፣ የእገዳው ማስታወቂያ ከደረሰው ቀን ጀምሮ በካሊፎርኒያ 10 ቀን፣ በቴክሳስ 15 ቀን ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ዛሬውኑ ያንን ወረቀት አውጥታችሁ ከፊቱም ከጀርባውም፣ ደቃቁን ጽሑፍ ሳይቀር አንብቡት። የወንድምዎ ቀጠሮ በሚቀጥለው ወር ስለሆነ፣ የፈቃዱ ጉዳይ እሱ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ሊዘጋ ይችላል።

«ማሽኑ አሳይቷል» የሚለው እርግጠኝነቱም ሊመረመር ይገባል። የትንፋሽ መመርመሪያ ደምን በቀጥታ አይለካም፤ በትንፋሽ ውስጥ ያለውን አልኮል ለክቶ በደም ውስጥ ስንት እንደሚሆን በቋሚ ስሌት ይገምታል። በብዙ መሣሪያዎች ስሌቱ በ2,100 ሚሊ ሊትር ትንፋሽ ውስጥ ያለው አልኮል በ1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው ከሚል የተነሣ ነው፤ ይህ ምጣኔ ግን ከሰው ሰው፣ በአንድ ሰውም ቢሆን ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። በአፍ ውስጥ የቀረ አልኮል ውጤቱን እንዳያዛባ፣ ተመርማሪው ሳያስመልስና ሳያገሣ ለ15 ደቂቃ ያህል በክትትል ሥር መቆየቱ የተለመደ የጥንቃቄ ሥርዓት ነው። ከምርመራው በኋላ በምትታተመው ትንሽ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ የመሣሪያው መለያ ቁጥር፣ የእያንዳንዱ ንባብ ሰዓትና መሣሪያው በንጹሕ አየር ሲፈተሽ ያሳየው ውጤት ይገኛሉ፤ በዘርፉ የሠራ ጠበቃ አስቀድሞ የሚያየው እነዚህን ነው። የመጨረሻው መጠጥ ከተጠጣ በኋላ የደም አልኮል ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ሊጨምር ስለሚችል፣ በምርመራ ጊዜ የታየው ቁጥር መሪ በያዘበት ሰዓት ከነበረው ጋር የግድ አንድ አይደለም። ይህን ያነሣነው ማሽኑ ተሳስቷል ለማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው። ሆኖም ማንም ሳይፈትሸው ጥፋተኛ ነኝ ማለት ተገቢ አይመስለንም።

ቁጥሩ ሕግ የሚያስጥሰው መቼ እንደሆነም እንደየአገሩ ይለያል። በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ የሚፈቀደው መጠን በእንግሊዝ 80 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስኮትላንድ ከ2014 ጀምሮ 50፣ በስዊድን ደግሞ 20 ብቻ ነው። ለሙያ አሽከርካሪዎች ገደቡ ዝቅ የሚልባቸው አገሮችም አሉ፤ በአሜሪካ የጭነት መኪና ለሚነዳ ሰው 40 ሚሊ ግራም ነው፤ በዚያው አገር የሙያ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በራሱ የቤት መኪና ላይ ቢያዝ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛ ሲባል የሙያ ፈቃዱ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። ወንድምዎ «ከፍዬ ልገላገል» የሚለው ቅጣት በገንዘቡ ላይ ላያበቃ የሚችለው ለዚህ ነው። የኢንሹራንስ ክፍያ፣ የሥራ ውል፣ በውጭ አገር የሚኖር ከሆነም የመኖሪያ ፈቃድ ሊነካ ይችላል። ጥፋቱ ግልጽ በሆነበት ጉዳይ እንኳ ጠበቃ ሥራ አያጣም፤ ክሱ እንዲሻሻል ይደራደራል፣ ቅጣት ማቅለያ ያቀርባል፣ ሕጉ በሚፈቅድበትም ከእስራት ይልቅ የሕክምና ወይም የትምህርት ፕሮግራም ይጠይቃል።

ለፖሊስ የተናገረው ቃል በምን ሁኔታ እንደተሰጠ፣ ዝም የማለት መብቱ ተነግሮት እንደሆነና ቋንቋው ገብቶት እንደሆነ የሚጠይቀው ጠበቃው ነው። ከእንግዲህ ግን ስለዚያ ሌሊት ለፖሊስም፣ ለመድን ድርጅትም፣ ለጓደኛም፣ በማኅበራዊ ሚዲያም አንዳች ነገር እንዳይናገር ይምከሩት። ይልቅ ትዝታው ሳይደበዝዝ ምን፣ መቼና ምን ያህል እንደጠጣ፣ ምን እንደበላ፣ ለምንና የት እንዳስቆሙት፣ ምርመራው በስንት ሰዓት እንደተደረገ በገዛ እጁ ይጻፍ። ጽሑፉን ለጠበቃው ብቻ ይስጥ፤ ለእርስዎም ቢሆን አያሳይ፣ እህት ምስክር ሆና ልትጠራ ትችላለችና።

ጠበቃውን በተመለከተ፣ ቤት ሲሸጥ ውል ያዋዋለው የቤተሰብ ጠበቃ ለዚህ ጉዳይ አይመረጥም። ጠጥቶ የማሽከርከር ክሶችን በዚያው ፍርድ ቤት የሚከራከር የወንጀል ጠበቃ ፈልጉ። ችሎት የሚቆመው ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው ይልካል? ክፍያው የፈቃዱን ጉዳይ፣ የባለሙያ ምስክርንና ይግባኝን ይጨምራል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። «ነጻ አወጣዋለሁ» ብሎ ቃል የሚገባውን፣ ይልቁንም «ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚለውን አመስግናችሁ ውጡ።

አቅም ካነሰም መንገድ አለ። የ1966ቱ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 14 ለተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመከላከል መብት ይሰጣል፤ መክፈል ካልቻለና የፍትሕ ጥቅም የሚጠይቅ ከሆነ ያለክፍያ እንዲመደብለት፣ የችሎቱን ቋንቋ ካልተረዳም አስተርጓሚ በነጻ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ይሁንና በመንግሥት የሚመደብ ተከላካይ ጠበቃ ብዙ ጊዜ የሚያዘው በወንጀሉ ክስ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ የመንጃ ፈቃዱን ማመልከቻ ማን እንደሚያስገባ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁት።

የመጨረሻው ጥያቄዎ መልስ በዚያው ወረቀት ላይ ነው። አንዳንዱ ወረቀት እስከተወሰነ ቀን ድረስ እንደ ጊዜያዊ ፈቃድ ያገለግላል፤ አንዳንዱ ግን ፈቃዱ መወሰዱን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ጠበቃው ወይም መሥሪያ ቤቱ እስኪያረጋግጥለት መሪ አይያዝ፤ በታገደ ፈቃድ ማሽከርከር ሌላ ክስ ያስከትላል፣ የተለቀቀበትንም ዋስትና ሊያስነሣበት ይችላል።