«በወር ስንት ትችላለህ?» ሲሏችሁ

ለአንድ ድስት ሦስት ሱቅ የሚዞር ወገናችን ለመኪና ሲሆን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃዋል። ጓደኛ አስከትሎ ይሄዳል፣ ማታ እየነዳ ይመለሳል፣ ከዚያ ስድስት ዓመት ይከፍላል። ይህ ምክር አሜሪካ ውስጥ ለቤተሰቡ መካከለኛ ሴዳን ለሚገዛ ሰው ነው። ቃሌ ቢጎረብጠው ይታገሰኝ፤ ስንቱ ሲፈርም እያየሁ በይሉኝታ ዝም ማለቴ ይቆጨኛል።

1. ስፋቱ

ሁለት ልጅ ላለው ቤት የቶዮታ ካምሪ፣ የሆንዳ አኮርድ ወይም የህዩንዳይ ሶናታ ይበቃል። «ቤተሰብ አለኝና ኤስዩቪ ካልሆነ» የሚል ሰው የጎማውንና የነዳጁን ልዩነት አላሰላም። የልጁን ወንበር ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ራሳችሁ እሰሩት። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን ወንበር የፊተኛውን መቀመጫ ይገፋል፤ ረጅም አባወራ ጉልበቱ ከመሪው ሥር እንደሚጋጭ የሚያውቀው ከፈረመ በኋላ ነው። ላች የሚባሉት የልጅ ወንበር ማሰሪያ ብረቶች በአብዛኛው ያሉት በሁለቱ ዳር ብቻ ስለሆነ መሃል የሚቀመጠው በቀበቶ ይታሰራል። የልጁና የወንበሩ ክብደት ተደምሮ 65 ፓውንድ ሲያልፍ ዳር ያለውም በቀበቶ ይታሰር። ሦስት ወንበር ጎን ለጎን የምታስሩ ከሆነ ሦስቱንም ሳትሞክሩ አትፈርሙ።

2. ዓመተ ምርቱ

«ቶዮታ ነው» ብሎ ዓይን ጨፍኖ መግዛት የለም። ከ2007 እስከ 2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የተሠራው የካምሪ 2.4 ሊትር ሞተር ዘይት በመብላት ይታወቃል፤ በ2010 የመጣው 2.5 ሊትር የተሻለ ነው። እስከ 2017 የቆየው ባለስድስት ሲሊንደር አኮርድ በታይሚንግ ቤልት (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር እኩል በሚያስኬድ የጎማ ቀበቶ) ይሠራል። ቤልቱ 100,000 ማይል አካባቢ መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፣ ሞተሩም አለቀለት። የተቀየረበት ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና ዋጋ አስቀንሱ። ከ2018 ወዲህ ባለው 1.5 ሊትር ተርቦ አኮርድ ደግሞ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ያሳልፋል የሚል ቅሬታ በዝቷል፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የኩላንቱን መጠን እዩ።

ከ2011 እስከ 2014 የተሠራ ሶናታ ርካሽ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በፋብሪካ ሥራ የቀረ የብረት ፍርፋሪ የዘይቱን መንገድ እየዘጋ የቢየላውን (የፒስተኑን ዘንግ) ብሮንዚን፣ ማለትም የዘንጉን መሽከርከሪያ ሽፋን፣ ይበላዋል፤ ለዚህም በ2015 እና በ2017 ሪኮል (አምራቹ በነፃ የሚጠግንበት ጥሪ) ወጥቷል። ሥራው መሠራቱን ሳታረጋግጡ ቀብድ አትክፈሉ። ከ2011 እስከ 2021 ከተሠሩት ህዩንዳይና ኪያ በቁልፍ የሚነሱት ብዙዎቹ ኢሞቢላይዘር (ያለ ትክክለኛው ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚከለክል መሣሪያ) ስለሌላቸው ሌባ ይወዳቸዋል፤ ኢንሹራንሱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከ2013 እስከ 2016 ያለው የኒሳን አልቲማ ችግሩ ሲቪቲ የሚባለው ያለ ማርሽ እርከን የሚሠራ ካምቢዮው ነው። ከ20 እስከ 40 ማይል ፍጥነት ላይ ነዳጁን በቀስታ ስትረግጡ ከተንቀጠቀጠ ተዉት።

ሃይብሪድ (በቤንዚንና በባትሪ የሚሄድ) ለሚፈራ ሰው ሒሳቡ ይኸው። የ2018 ካምሪ ኤልኢ ቤንዚኑ በአማካይ በጋሎን 32 ማይል፣ ሃይብሪዱ 52 ማይል ይሄዳል። በዓመት 15,000 ማይል ለሚነዳ ልዩነቱ 180 ጋሎን ያህል ነው። ከኋላ ወንበሩ አጠገብ ያለውን የባትሪውን አየር መሳቢያ ግን አጽዱ። የልጆች ብስኩት ፍርፋሪና አቧራ ሲዘጋው ባትሪው ይሞቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

3. ምርመራው

ሻጩ ሞተሩን ሳያሞቀው ድረሱ። የሞቀ ሞተር ጉዱን ይደብቃል። የዘይት መለኪያውን አውጡ፣ አስነሡና ድምፁንና ጭሱን አስተውሉ። የብልሽት ኮድ የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ ሰክታችሁ ሬዲነስ የሚለውን፣ መኪናው ራሱን መርምሮ መጨረሱን የሚያሳየውን ክፍል እዩ፤ ብዙው «አልተዘጋጀም» ካለ በቅርቡ ኮድ ተሰርዟል ወይም ባትሪ ተነቅሏል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት፤ ሥሩ ላይ የጭቃ መስመር ካለ መኪናው ጎርፍ ገብቶበታል። ጎማው ላይ 2319 የሚል ካያችሁ በ2019 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ከዚያ ለሻጩ ወዳጅ ያልሆነ መካኒክ ጋ ወስዳችሁ በሊፍት አስነሡት። ሻጩ «አይሆንም» ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

4. ወረቀቱ

ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ «ሳልቬጅ» (ከጥቅም ውጭ የተባለ) ወይም «ሪቢልት» (ከዚያ ተጠግኖ የተመለሰ) ካለ ተነሥታችሁ ሂዱ፤ 17 ፊደልና አኃዝ ያለውን የመኪናውን መለያ (ቪን) ቁጥር በኤንኤችቲኤስኤ (የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ያልተሠራ ሪኮል እዩ።

5. ብድሩ

ዲለር (የመኪና መሸጫ ድርጅት) ውስጥ «በወር ስንት ትችላለህ?» ሲሏችሁ አትመልሱ። 400 ካላችሁ ስለ ዋጋው የሚደረገው ንግግር እዚያው አበቃ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ወሩን ከ60 ወደ 72፣ ከ72 ወደ 84 እየጎተቱ አራት መቶዋን መሙላት ነው። ጠይቁ እንጂ አትጠየቁ፦ ታክሱም ምዝገባውም ተደምሮ ከበር ሲወጣ ስንት ነው?

ቁጥሩን ተመልከቱ። 20,000 ዶላር በ6 በመቶ ለ60 ወር በወር 387 ነው፤ ወለዱ 3,200 ያህል ይሆናል። ያው 20,000 በ14 በመቶ ለ72 ወር በወር 412 ይመጣል። የወሩ ልዩነት 25 ዶላር ብቻ ስለሆነ «ያው ነው» ተብሎ ይፈረማል። ወለዱ ግን 9,670 ያህል ነው! ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ክፍያ ሳታሳልፉ 14,800 ከፍላችሁም ገና 12,000 ዕዳ አለባችሁ። ያኔ መኪናው ከዕዳው በታች ከወረደ መሸጥ እንኳ አትችሉም፤ የጎደለውን ከኪስ ካልሞላችሁ በቀር።

ክሬዲት (የዕዳ አከፋፈል) ታሪክ የሌለው አዲስ መጤ ወለዱ ይከብደዋል፣ እውነት ነው። ለዚህም ነው ዲለር ጋ ከመሄድ በፊት ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ተቋም) ሄዶ የብድር ፈቃድ መያዝ ያለባችሁ። ዲለሩ ባንኩ ባጸደቀው ወለድ ላይ ጨምሮ ልዩነቱን ሊወስድ ይችላል፤ እጃችሁ ላይ ሌላ ወረቀት ካለ ግን ዝቅ ለማለት ይገደዳል። በ14 ቀን ውስጥ የሚደረጉ የመኪና ብድር ጥያቄዎች ለክሬዲት ነጥባችሁ እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ ሦስት ቦታ መጠየቅ አይጎዳችሁም። ፊርማ ክፍሉ ውስጥ የቀለም መከላከያ፣ ሌባ ለመከላከል መስታወት ላይ የሚቀረጽ ቁጥር፣ የተራዘመ ዋስትና ይደረደራል፤ እያንዳንዱን «አልፈልግም» በሉ። «ውሰደው፣ ባንኩ ነገ ያጸድቃል» ካሏችሁም ቁልፉን አትቀበሉ፤ ከሳምንት በኋላ ወለዱ ጨምሯል ብለው ይጠሯችኋል። «በሦስት ቀን እመልሳለሁ» የሚባለውን ወሬ ደግሞ ማን እንዳመጣው አላውቅም። የፌዴራሉ የሦስት ቀን ደንብ ከዲለር ግቢ ለተገዛ መኪና አይሠራም።

አሁን ወደ ሚያቃጥለኝ ልምጣ፦ ኮሳይን፣ ማለትም በሌላ ሰው ብድር ላይ አብሮ መፈረም። «ወንድሜ፣ ስምህን ብቻ አበድረኝ» ይባላል። ስም ብቻ የሚባል ነገር የለም! የፈረመ ሰው ለሙሉው ዕዳ ተጠያቂ ነው። ተበዳሪው አንድ ወር ቢያሳልፍ የፈራሚው ክሬዲትም ይወድቃል፤ ቤት ሊገዛ ሲሄድም ያ ዕዳ እንደ ራሱ ዕዳ ሊቆጠርበት ይችላል። መኪናው ተወስዶ በሐራጅ ሲሸጥ የጎደለው ሒሳብ ከእሱም ይጠየቃል። ታይትሉ ላይ ስሙ ከሌለ ደግሞ እየከፈለለት ያለው መኪና የእሱ አይደለም። አብሮ አደግ ከአብሮ አደግ፣ የክርስትና ልጅ ከክርስትና አባት የተቆራረጠው በዚህ ነው። ሰው መርዳት ከፈለጋችሁ ለቅድሚያ ክፍያ የምትችሉትን ስጡ፤ ያ ገንዘብ ባይመለስ ጉዳቱ እዚያው ያበቃል። ጠያቂውም ይስማ፦ ወገንህን ዋስ ሳታስጠራ የማይፈቀድልህ መኪና አሁን አቅምህ አይደለም። ባለ120,000 ማይል ካምሪ ገዝተህ አንድ ዓመት ክሬዲትህን ሥራ።

አስቀድማችሁ የፈረማችሁ ደግሞ ዛሬውኑ አበዳሪው ጋ ደውሉ። የብድሩን ሒሳብ በኢንተርኔት የማየት ፈቃድና ክፍያ ሲዘገይ የሚደርስ ማስታወቂያ ጠይቁ። ኮሳይነር የሚለቀቅበት አንቀጽ ውሉ ላይ ካለ ስንት ወር ሳይቋረጥ መከፈል እንዳለበት አጣሩ። ከሌለ ተበዳሪው ለ12 ወር በሰዓቱ ሲከፍል በራሱ ስም እንዲያድሰው ቀን ቆርጣችሁ ንገሩት፤ ቀኑንም በጽሑፍ ይስጣችሁ።