ስዕሉ መቼ ተሳለ?

ልጆቼ፣

አቴንስ ውስጥ 30 ዓመት ያህል አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ማዘጋጃ ቤት፣ የጠሩኝ ቦታ ሁሉ እሄዳለሁ። እንጀራዬ የሰው ቃል ነው። አንዳንዶቻችሁ ታሪክ እንደምታጠኑ፣ ሌሎቻችሁ ደግሞ በታሪክ እንደምትነታረኩ አያለሁ። የግሪኮችን ጭቅጭቅ በቅርብ አይቻለሁና እሱን ላጫውታችሁ።

በሚያሳፍረኝ ልጀምር። ማርች 25 የግሪኮች ብሔራዊ በዓል ነው። ከብስራት ጋር ስለሚገጥም በጾሙ መሃል ዓሣ ይፈቀዳል። በየቤቱ በጨው የደረቀ ዓሣ ተጠብሶ፣ ከተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ጋር ይቀርባል። አንድ ዓመት የሥራ ባልደረባዬ ጋበዘኝ። አባቱ ሰባዎቹን የያዙ ሰው ናቸው። ጳጳስ ገርማኖስ በ1821 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ) አያ ላቭራ ገዳም ውስጥ ባንዲራውን ከፍ አድርገው በቱርኮች አገዛዝ ላይ አመፁን እንዴት እንዳስጀመሩ ለልጅ ልጃቸው ይተርካሉ። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን አንድ ሁለት መጽሐፍ አንብቤ ጉራ ይዞኛል። «አባባ፣ ይሄ እኮ አልሆነም። ጳጳሱ ራሳቸው በጻፉት ማስታወሻ ላይ የለም» አልኳቸው።

ሽማግሌው ሹካቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ቃል አልተነፈሱም። ባልደረባዬ በር ድረስ ሸኝቶኝ «ጳጳሱ ባንዲራውን ሲያነሱ የሚያሳየውን ስዕል አያቴ ከራስጌዋ ሰቅላው ነበር» አለኝ።

ያልኩት ውሸት አልነበረም። ወሬውን በሰፊው ያዳረሰው በ1824 የወጣ የአንድ ፈረንሳዊ ዲፕሎማት መጽሐፍ ነው። ሕዝቡ የሚያውቀውን ስዕል ቴዎዶሮስ ቭሪዛኪስ የሳለው በ1865 ነው። ቀኑም ብሔራዊ በዓል እንዲሆን የታወጀው በ1838፣ በንጉሥ ኦቶ ዘመን ነው። ካላማታ ከተማ ደግሞ ከማርች 25 ሁለት ቀን ቀድማ በአማፂዎቹ እጅ ገብታ ነበር።

«ምስጢራዊው ትምህርት ቤት» የሚሉትም እንደዚሁ ነው። ቱርኮች ትምህርት ስለከለከሉ ልጆች በሌሊት፣ በመነኩሴ እግር ሥር፣ በጭላንጭል ብርሃን ፊደል ቆጠሩ ይባላል። ታሪክ ጸሐፊዎች ቢፈልጉ እንዲህ ያለ አጠቃላይ እገዳ አላገኙም። እንዲያውም በቱርኮች ሥር በነበሩት በኢዮአኒናና በስሚርና ከተሞች የግሪክ ትምህርት ቤቶች በግልጽ ይሠሩ ነበር። ኒኮላዎስ ጊዚስ ግን በ1880ዎቹ ሳለው፣ አሳምሮም ሳለው። በኋላ በድሮው የግሪክ ገንዘብ፣ በ200 ድራክማ ኖት ላይ ታተመ። ስንት ቀን ዳቦ ገዝቼበታለሁ መሰላችሁ!

እና ስዕል ወይም ሐውልት ስታዩ መጀመሪያ «መቼ ተሠራ?» በሉ። የተሠራበት ዓመት ብዙ ይናገራል፣ አንዳንዴም ከስዕሉ በላይ።

ስታዲዩ ጎዳና ላይ፣ ከአሮጌው ፓርላማ ፊት ለፊት፣ ኮሎኮትሮኒስ በነሐስ ፈረስ ላይ ተቀምጦ በጣቱ ያመለክታል። የ1821 ዋና ጀግና ነው። በ1834 አዲሱ መንግሥት በአገር ክህደት ከሶት ሞት አስፈረደበት። ከአምስቱ ዳኞች ሁለቱ አንፈርምም አሉ። ከሁለቱ አንዱ ቴርቼቲስ ይባላል። በኋላ ኮሎኮትሮኒስ ሕይወቱን እየተረከ ቁጭ ብሎ የጻፈለት ይኸው ዳኛ ነው። እዚያ ላይ ኮሎኮትሮኒስ ትሪፖሊጻ የምትባለው ከተማ በአማፂዎቹ የተያዘች ጊዜ የሆነውን ይናገራል። ፈረሴ ከግንቡ እስከ ቤተ መንግሥቱ መሬት አልረገጠም ይላል። የረገጠው ሬሳ ነው። ያለቁት ሙስሊሞችና አይሁዶች ናቸው፣ ሴትና ሕፃን ሳይቀር። የትምህርት ቤት በዓል ላይ ይቺ ዓረፍተ ነገር ስትነበብ ሰምቼ አላውቅም። ጀግናው ያልፈራውን የልጅ ልጆቹ ይፈሩታል። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ ፈረሱ ሰኮና ነው።

አሁን ደግሞ ለምሁራኑ ወገን። በ2006 ለስድስተኛ ክፍል አዲስ የታሪክ መጽሐፍ ወጣ። ልጆች ጎረቤትን እየጠሉ እንዳያድጉ ታስቦ ነው፣ አሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን የቱርክ ጦር ገብቶ የስሚርና ግሪኮች የተሰደዱበት የ1922ቱ መከራ ጋ ሲደርስ፣ ሰዉ መርከብ ለመሳፈር ወደቡ ላይ «ተጨናነቀ» አለ። በግሪክኛ «ሲኖስቲዝሞስ» ይሉታል። ወደ አማርኛ ብመልሰው ግፊያ ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ስንሳፈር የምንለው ዓይነት ግፊያ! እነዚያ ሰዎች ከኋላቸው ከተማው እየነደደ፣ ከፊታቸው ባሕር ነበር።

ኒያ ስሚርኒ የምትኖር ልብስ ሰፊ ደንበኛዬ ነበረች። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከዚያ ተሰደው ከመጡት ነው። እናቷ ያን ጊዜ ልጅ ነበረች። በዚያ ወደብ ላይ የታናሽ እህቷ መዳፍ ከእጇ አመለጣት። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ ልጆቿን መንገድ ስታሻግር የምትይዛቸው በእጅ አንጓቸው ነበር። ለዚህች ሴት «ግፊያ» ብላችሁ ተርጉሙላት እስቲ። በመጽሐፉ ላይ ከተነሳው ጩኸት ብዙው ስድብ ነበር። በ2007 ከትምህርት ቤት ሲወጣም ደስ አላለኝም፣ መጽሐፍ በሆይታ ሲነሳ ደስ አይለኝም። ቃሉ ግን ቀዝቃዛ ብቻ አልነበረም፣ ስህተትም ነበር። የሆነውን አይናገርማ። በሙያዬ እንዲህ ብተረጉም ዳኛው ያባርረኝ ነበር።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። በዓመቱ እንደገና ጋበዙኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። በዚህኛው አፌን ሰብስቤ «አባባ፣ የጳጳሱን ታሪክ ለእርስዎ ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

«እናቴ» አሉ። «በ1941 ክረምት።»

አቴንስ በጀርመን ወረራ ሥር በረሃብ ያለቀችበት ክረምት ነው። ሬሳ በጋሪ ይሰበሰብ ነበር። እሳቸው ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የሚበላ በሌለበት ማታ እናታቸው ወደ ስዕሉ እያሳየች ትተርክላቸው ነበር፣ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው። ይሄን የትም አላነበብኩትም ነበር።

ዝም ብለን ቆየን። ከዚያ ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደኔ ሳብ አደረጉና «እሺ፣ ጳጳሱ ታዲያ ምን ብለው ነው የጻፉት?» አሉኝ።

የማውቀውን ነገርኳቸው። ዓሣው ቀዘቀዘ።